ከክዳኑ ሥር በእርሳስ

ዱባይ፣ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሰገነት፣

የቅዱስ ላሊበላ በረከት ከነደጃፍሽ ይጠብቅሽ። እኔ ከሙቀቱ በቀር የሚጎረብጠኝ የለም፣ ተመስገን። እናቴ እንዴት ሰነበተች? ለጉልበቷ የላክሁት ቅባት ረድቷት እንደሆነ ጻፊልኝ። ስልኩ እንደሆነ ተዘግቶብናል፤ ወንድሜ ደሳለ እንኳ መስመር ሲገኝ ከወልድያ ካልደወለልኝ ድምፁን አልሰማም። እንግዲህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት እንገናኝ።

ይህን ደብዳቤ ይዞ የሚመጣው ሰው አንድ ካርቶን ይሰጥሻል። ውስጡ ያለው ኦስሎስኮፕ ነው። ስሙን ቅመም ተጠቅልሎባቸው ከመጡት ከእነዚያ ከኤሌክትሪክ መጽሐፍ ገጾችሽ ላይ ታውቂዋለሽ፤ የኤሌክትሪክን ሞገድ በመስታወቱ ላይ እየሳለ የሚያሳየው። «አንድ ቀን በእጄ ብነካው» ትይ ነበር። ይኸው፣ ንኪው። ለጀማሪ ተማሪ የሚሆን ርካሹ ዓይነት ነው። ፊቱ ላይ ያለው ምልክት የድርጅቴ ነው፤ ፋብሪካው ይሠራል፣ እኔ ስሜን እለጥፍበታለሁ።

ጉዳዬን ልንገርሽ። በእኛ በኩል ያሉ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ዕቃ ስልሳ ሊገዙ ጨረታ አውጥተዋል። ከሚጠይቁት ወረቀት አንዱ፣ በአገሩ የሚኖር ጠጋኝ ዕቃውን ከፍቶ አይቶ፣ አሠራሩ ጠንካራ ነው ብሎ የፈረመበት ምስክርነት ነው። ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ? ክፈቺው፣ እዪው፣ ያየሽውን ጻፊልኝ። ዕቃው ለአንቺ ይቅር፣ ስጦታዬ ነው።

ወንድምሽ ደግሰው


ላሊበላ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኢንጂነር ደግሰው፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎን ይምርሐነ ክርስቶስ ይጠብቅልዎ። እናትዎ ደህና ናቸው። ቅባቱን ግማሹን ለጎረቤት ሰጥተው በግማሹ ራሳቸው ተቀብተዋል፤ ባለፈው እሑድ ቆመው አስቀደሱ። መልሴ የዘገየው መንገዱ ተዘግቶ ስለነበረ ነው።

ዕቃውን ከፈትሁት። አራት ብሎን ከኋላው አለው፤ አምስተኛው «የከፈተ ዋስትናውን ያጣል» ከሚለው ወረቀት ሥር ተደብቋል። ወረቀቱን በእንፋሎት አላቅቄ ኋላ መልሼ ለጠፍሁት። ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ቴስተር ሳልነካ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት፤ ልማዴ ነው። ዕቃ መጀመሪያ መታየት አለበት፣ መነካቱ ኋላ ይደርሳል።

ሞገዱን የሚቀበለው ክፍል በወፍራም ቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ የውጭው ጫጫታ እንዳይገባበት ነው። መርማሪው ሽቦ የሚሰካባቸው ሁለት ክብ መሰኪያዎች ቦርዱ ላይ ብቻ አልተንጠለጠሉም፤ ከብረቱ ጋር በብሎን ታስረዋል፤ ተማሪ ቢጎትታቸው አይነቀሉም። የተበየደበት ስታኞ ንጹሕ ነው፣ የተረፈ ሙጫ አይታይበትም። ከግድግዳ የሚመጣው ኃይል ለብቻው በሌላ ቦርድ ነው የሚገባው። ከሁሉ ደስ ያለኝ የመሬት ሽቦው ነው፤ ቀለሙ ተፍቆ፣ ብረት ከብረት ጋር ተያይዞ፣ ጥርስ ባለው ቀለበት ተነክሷል። ይህን የሠራ ሰው ለማያውቀው ሰው ልጅ አስቧል።

ዕቃው ለዋጋው መልካም ነው። ሆኖም ለእኔ ተመርጦ የመጣ ይመስላል። ከስልሳዎቹ መካከል አንዱን ሳይመርጡ ይላኩልኝ። ያን ጊዜ እፈርማለሁ።

የአገር ወሬ ከፈለጉ፣ የመሪጌታ ወልደ ሰንበት ሬድዮ ልትጠገን መጥታለች። መሪጌታ ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ልጃቸው ባንቺዓለም ከዕቃ ቤት አግኝታ አመጣችልኝ። ትዝ ትልዎታለች? ገና አልከፈትኋትም።

ሰገነት፣ ጠጋኝ


ዱባይ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ ሰላምና ጤና እንደ ዝናብ ይውረድልሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ «እርስዎ» የተባለውን ሰው ፍለጋ ዞሬ ከኋላዬ አየሁ። ምን ነው? በአንድ ገበታ በልተን፣ በአንድ ቁርበት ተኝተን ያደግን ሰዎች አይደለንም? አባትሽ ካረፉ ጀምሮ እናቴ እናትሽ አይደለችም? ኢንጂነርነቱን ለሰው ተይው። አንተ በይኝ።

ስለ ዕቃው የጻፍሽው ልብ የሚያሞቅ ነው። አንዱን ካየሽ ስልሳውን አይተሻል፤ ፋብሪካ እንደ ሰው እጅ አይለዋወጥም። ካርቶኖቹ ወልድያ ደሳለ ጋ ገብተዋል፣ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ምስክርነቱን እኔው አስጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ያንቺ ሥራ ከታች መፈረም ብቻ ነው። ጨረታው ከፋሲካ በኋላ ይከፈታል፤ ጊዜ የለንም።

ሬድዮዋን አትድከሚባት። መለዋወጫም አይገኝላት። ለባንቺዓለም አዲስ እልክላታለሁ በያት። አትክፈቻት፣ በአቧራዋ መልሺላት።

ወንድምሽ ደግሰው


ላሊበላ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኢንጂነር ደግሰው፣

በዓለ ልደቱን በሰላም ያሳለፉ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እዚህ እንግዳው እንደ ወትሮው ባይሆንም ካህናቱ ቤዛ ኵሉን አሸብሽበዋል። የድምፅ ማጉያውን ከዋዜማው ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጠገንሁት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሳይቋረጥ አደረ።

የጠየቅሁት ካርቶን ሳይልኩልኝ ደረሰኝ። ወንድምዎ ደሳለ ለናሙና አምስት ካርቶን ጨረታው ወደሚከፈትበት ወደ ኮን ሲልክ፣ ፍላቂት ገበያ ላይ አንዱ ከመኪናው ጣሪያ ወደቀ። በቤታችን የተሰበረ ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣ። ደሳለም እንደ ልማዱ «እትዬ፣ የፕላስቲክ ቆቡ ተሰንጥቋል፤ ሳይታወቅ ስፊልኝ» ብሎ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በሾፌሩ በአሊ ላከው። አሊን ያውቁታል።

«ይህ ደግሞ ቴሌቪዥን ነው?» አለኝ ሲያስረክበኝ።

«አይደለም። የኤሌክትሪክ ልብ ማያ ነው።»

«እንግዲያው የራሱ ልብ ይታይለት። ከጣሪያ ሲወድቅ ኮሽ አላለም፤ ባዶ ሳጥን መስሎኝ ነበር።»

አሊ እውነቱን ነው። ሁለቱን በሁለት እጄ ብይዛቸው ይኸኛው በአንድ ጣሳ ውኃ ያህል ቀለለኝ። ፊታቸው አንድ ነው፣ ቁልፋቸው አንድ ነው፣ የእርስዎ ስም በሁለቱም ላይ አለ። ክዳኑን ሳነሣ ግን ቆርቆሮው የለም፤ በምትኩ የቸኮሌት መጠቅለያ የሚመስል ብልጭልጭ ወረቀት ተለጥፏል። ክቦቹ መሰኪያዎች በስታኞ ብቻ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱን በጣቴ ስገፋው ቦርዱ አብሮ ጎበጠ። የግድግዳው ኃይልና ተማሪው የሚነካው ክፍል በአንድ ቦርድ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከክብሪት እንጨት አይሰፋም።

የመሬት ሽቦው አለ። ቢጫና አረንጓዴ፣ ያማረ። የታሰረው ግን በቀለሙ ላይ ነው። ቢገናኙ የሚጮኸውን ቴስተሬን ከብረቱና ከሽቦው ላይ ባደርግ ዝም አለ። ያ ሽቦ ለዓይን የተሰቀለ ነው እንጂ መሬት አያውቅም። አንድ ቀን ኃይሉ ያችን የክብሪት እንጨት ቢሻገር፣ ልጅ በእጁ የሚይዛት የመሰኪያዋ ቀለበት ላይ ይመጣል።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያውቁ ነበር?

ሬድዮዋንም ከፈትኋት። የጎደላት አንድ የተበጠሰ ሽቦ ነው። በ1993 ከተማ ወስዶ የሚያስተምረውን አንድ ልጅ ሊመርጥ ኮን ድረስ ሰው የመጣ ጊዜ፣ «የጠገናችሁትን ይዛችሁ ኑ» ተብሎ ነበር። እኔ ያችን ሬድዮ ሦስት ሳምንት ጠገንኋት። ከክዳኗም ሥር በእርሳስ «ወለተ ሩፋኤል ሠራቻት» ብዬ ጻፍሁ። በክርስትና ስሜ የጻፍሁት አባቴ ካረፉ ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራኝ ስላልነበረ ነው። አክስቴ፣ እናትዎ፣ «ሴት ልጅ ኮን ድረስ ብቻዋን አትሄድም» ሲሉ እርስዎ «እኔ ላድርስላት» አሉ። «ስሜ ከክዳኑ ሥር አለ» ብልዎ «ማን ይከፍተዋል?» ብለው ሳቁ። ተመልሰው «በጥያቄና መልስ መረጡኝ» አሉኝ። እልል አልሁልዎ። ስንቅዎን የቋጠርሁት እኔ ነኝ።

አሁን ሳያት እርሳሱ በምራቅ ተፍቋል። ከበላዩ በሰማያዊ ቀለም «ደግሰው» ይላል። ሃያ አራት ዓመት አንዱን ነገር አምኜ ኖርሁ። ከዚያ ሬድዮ ወዲህ ደግሞ በማንም ዕቃ ውስጥ ስሜን ጽፌ አላውቅም፤ ጥቅም የለውም ብዬ።

ወረቀትዎን እንድፈርም ከፈለጉ አስቀድመው እርስዎ አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ። «የመሪጌታን ሬድዮ የጠገነችው ሰገነት ናት» የሚል፣ በፊርማዎ። ሌላ አልጠይቅም።

ሰገነት፣ ጠጋኝ


ዱባይ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም ሰገነት፣

በሰው በሰው አስቸኩዬ ነው የምልከው።

ልጆች ነበርን። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እዚያ ስደርስ ሰውዬው «አንተ ነህ የጠገንሃት?» አለኝ፤ አፌ አዎ አለ። ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ጎተተው። ዛሬ ያንን ብጽፍ ምን ትሠሪበታለሽ? በግድግዳ ትሰቅይዋለሽ? እኔን ግን የሚያውቀኝ ሁሉ በእጁ ይጠቁመኛል። አልጽፍም።

ስለ ዕቃው አዎ፣ ናሙናውና ስልሳው አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። በዚያ ዋጋ ሌላ አይገኝም። ተማሪ ምን ያደርገዋል? ቁልፍ ይጫናል፣ ሞገድ ያያል፣ ይሄዳል። ዋስትና የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ማን ይከፍተዋል?

ይልቅ አስቢበት። ጨረታው ከተሳካልኝ የላሊበላው ጥገና ሁሉ ያንቺ ነው፣ ከነሱቁ። እናቴን አስቢ። በእጇ ጎርሰሽ አድገሽ፣ ልጇን ታዋርጃለሽ? ያን የተሰነጠቀውን ስፊና ለደሳለ መልሺ። ፈርሚ።

ደግሰው


ላሊበላ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኢንጂነር ደግሰው፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። መልስ ያዘገየሁት ሳስብ ነው።

በአክስቴ ስም የጻፉልኝን ለአክስቴ አላነበብሁላቸውም። የእርስዎን ደብዳቤ እንዳነብላቸው በጠየቁኝ ጊዜ ሁሉ ሰላምታውን ብቻ ነው የማነብላቸው፤ ሰላምታዎ ያማረ ነው፣ ደስ ይላቸዋል።

የተሰነጠቀውን ቆብ ሰፍቻለሁ። ስፌቱ ከግራ ጎኑ ካልፈለጉት አይታይም። ዕቃ ከፍቼ ውስጡን አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ መዝጋት እንደማልችል እርስዎ ያውቃሉ። ለደሳለ በአሊ እጅ መልሻለሁ።

ያስጻፉትን ሳይሆን በራሴ እጅ የጻፍሁትን አጭር ወረቀት ፈርሜ ለጨረታው ኮሚቴ ልኬአለሁ። «ከእነዚህ ዕቃዎች ሁለቱን ከፍቼ አይቻለሁ፤ ከስልሳው አንዱን ባለቤቱ ራሱ መርጦ በፊታችሁ ቢከፍተው ፊርማዬ ይጸናል» ይላል። እንደዚህ ያለ ወረቀት የበለጠ ይታመናል።

ሰገነት


ዱባይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

የእናቴ ልጅ መሆንሽን አሳየሽኝ። ገብቶኛል፣ ሁሉም ገብቶኛል። ደግ አደረግሽ። አንድ ዕቃ መክፈት ምን አለበት? የትኛውን እንደምመርጥ እኔ አውቃለሁ።

ትንሣኤን ወልድያ ደሳለ ቤት ነኝ። ከጨረታው በኋላ ላሊበላ ወጥቼ እናቴንም አንቺንም አያለሁ። ምን ላምጣልሽ? እባክሽ በሚቀጥለው አንተ በይኝ።

ወንድምሽ ደግሰው


ወልድያ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰገነት፣

ሰላም አልልሽም። ላሊበላም አልመጣም። ነገ ወደ አዲስ አበባ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ።

ኮን ላይ የሆነውን አሊ ነግሮሽ ይሆናል፤ በበሩ ቆሞ ነበር። እኔ ግን ከራሴ አፍ እንድትሰሚው እፈልጋለሁ።

ሌሎቹ ተጫራቾች ሁለት ነበሩ። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ወይዘሮ ይማርሽ ወረቀትሽን ጮክ ብላ አነበበች። «ባለቤቱ ይምረጥ» አለች። ደሳለ አምስቱን ዕቃ ከካርቶን አውጥቶ ደርድሯል። እኔ እየተዝናናሁ ሄጄ በግራ ጎኑ ስፌት ያለበትን አነሣሁ። አንቺ የነካሽው ነዋ! የመሬቱን ሽቦ ፍቀሽ አስረሽዋል፣ መሰኪያውን አጥብቀሽዋል ብዬ። ዕቃ ከፍቼ አይቼ መዝጋት አልችልም አላልሽም?

ካቻቢቴውን ራሴ ያዝሁ። የዋስትናውን ወረቀት ራሴ ቀደድሁ። እንዲያውም ቀለድሁ፤ «ይህን የምከፍተው ለእናንተ ክብር ነው» አልሁ። ሳቁልኝ።

ክዳኑ ሲነሣ ሽቦው እንዳለ ነው። ቀለሙ ላይ። በብልጭልጩ ወረቀት ላይ ደግሞ በእርሳስ፣ በዚያ በትልልቁ ፊደልሽ፣ መስመር በመስመር ተጽፏል። በእጄ ልሸፍነው ስል ወይዘሮ ይማርሽ «እስቲ ከብርሃን» ብላ ወሰደችው። አነበበችው። «የመሬት ሽቦው ብረት አልነካም፤ ይለኩት። መሰኪያው ቢገፋ ይጎብጣል። ይህ ለልጆች አይሰጥም። ወለተ ሩፋኤል አየችው፣ የካቲት 30 ቀን 2017።» ከዚያ በታች «ማን ይከፍተዋል?» ይላል።

ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ቴስተር አምጥቶ ለካ። ዝም አለ። 

«ወለተ ሩፋኤል ማን ናት?» አለች ወይዘሮ ይማርሽ። የላክሽውን ምስክርነት ገለበጠችው፤ እዚያ የፈረመችው ሰገነት ናት። ደሳለን አየችው። ደሳለ ስትጠመቂ አልተወለደም፣ ትከሻውን ነቀነቀ። በዚያ አዳራሽ ይህን ስም የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ሰባት ሰው ያየኛል።

«የአጎቴ ልጅ ናት» አልሁ።

«ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ጠጋኝ ናት።»

«የት ተምራ?»

ምን ልበል?  «ከመጠቅለያ ወረቀት ነው የተማረችው። እኔንም መጀመሪያ ያስተማረችኝ እሷ ናት» አልሁ። ከዚያ ተቀመጥሁ። ስልሳው ካርቶን እንዲመለስ ተወሰነ። የድርጅቴም ስም ለሚቀጥለው ጨረታ እንዳይቀርብ ተጻፈ።

አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝ። በሰገነት ብትጽፊው ምን ነበረበት? ለምን በክርስትና ስምሽ?

ደግሰው


ላሊበላ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደግሰው፣

እንደምን ሰነበትህ? እናትህ ደህና ናቸው። የመጣህ መስሏቸው ከፋሲካ ጀምሮ አንድ ዶሮ አላስነካም ብለው ይዘውልሃል። ደብዳቤህ ሰላምታ ስላልነበረው የማነብላቸው አጣሁ፤ ከራሴ ጨምሬ አነበብሁላቸው።

አንተ በይኝ ብለህ ሁለት ጊዜ ለመንኸኝ። አንቱ ያልሁህ አክብሬህ አልነበረም፤ የማላውቀው ሰው ስለሆንህብኝ ነው። አሁን አወቅሁህ።

ለጠየቅኸኝ መልሱ ይህ ነው። በሰገነት ብጽፈው ወይዘሮ ይማርሽ አንብባ ታልፈው ነበር። ማን ናት ብላ የምትጠይቀው የማታውቀው ስም ሲሆን ነው። በዚያ ስም የሚያውቀኝ ደግሞ አባቴ አርፈዋል፣ አክስቴ እዚህ ናቸው፣ አንተ ብቻ ቀረህ። ከአንተ አፍ እንዲወጣ ፈልጌ ነው። በ1993 ኮን ላይ ያልተናገርኸውን፣ ዘንድሮ ኮን ላይ ተናገርኸው።

የሰፋሁትን ዕቃ እንደምትመርጥም አውቅ ነበር። እኔ የነካሁትን አንሥተህ የራሴ ነው ማለት ዛሬ የጀመርኸው አይደለም። ደግሞ አልዋሸሁህም። ደሳለ የጠየቀኝ ቆቡን ነበር፣ ቆቡን ሰፋሁ። ውስጡን አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም፣ ጻፍሁ።

ደስ ብሎኛል። ለንስሐ አባቴ ለአባ ሰይፈ ሥላሴም እንዲሁ ነው ያልኋቸው፤ «ተጸጽተሻል?» ቢሉኝ «ገና ነኝ» አልሁ። ሰባት ቀን ጾም ሰጡኝ። በዓለ ሃምሳ ነውና ጾሙ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ይሁን አሉ። እስከዚያ ድረስ አሥር ቀን በደስታዬ ላይ እቆያለሁ።

ሬድዮዋ ተሠርታ ለባንቺዓለም ተመልሳለች፤ አባቷ ይወዱት የነበረውን ጣቢያ አገኘሁላት። በክዳኗ ሥር ያለውን አልነካሁትም። ስምህም፣ ከሥሩ ያለው የተፋቀውም፣ እንዳሉ ናቸው።

ለእኔ የላክኸውን መልካሙን ዕቃ አስቀርቼዋለሁ። በየቀኑ እሠራበታለሁ። ፊቱ ላይ ያለውን ምልክትህን በካቻቢቴ ላጥሁት፤ ከክዳኑ ሥር ስሜን በእርሳስ ጻፍሁበት። በቀለም አልጻፍሁትም። በምራቅ የሚፍቀው ሰው አሁን አገር ቤት የለም።

ወለተ ሩፋኤል